ያለ ዳኛ ስለሚፈረድ ፍርድ

በአገራችን የቆየ ልማድ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር። ከዚያም ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ፣ በቁራኛም ተሳስረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። የዚህ ሥርዓት ምሥጢር ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። የታሰረው ተከሳሹ ብቻ አልነበረም፤ ከሳሹም አብሮ ታስሯልና። ስሙን ሸሽጎ፣ ፊቱን ሸፍኖ፣ ለቃሉ ዋስ ሳይጠራ ባልንጀራውን በደለኛ ነው ሊል አይችልም ነበር። ሐሰተኛ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ማምለጫ አልነበረውም፤ ነጠላው ከበደለው ሰው ነጠላ ጋር ተቋጥሯልና።

ዛሬ ግን እነሆ፣ ከሳሹ የማይታሰርበት፣ ምስክር የማይጠራበት፣ ዳኛም የማይቀመጥበት አደባባይ በየሰው ኪስ ውስጥ ገብቷል። ይኸውም በእጅ ስልክ የሚታየው አደባባይ ነው። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የግብረ ሰዶም ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ። በዚያው ሰሞን ቲክቶክ በሚባለው መድረክ ላይ ወንድ ሲሆኑ እንደ ሴት፣ ሴት ሲሆኑ እንደ ወንድ ይኖራሉ፣ ወይም ግብረ ሰዶም ይፈጽማሉ የተባሉ ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ እያወጡ ይገረፉ፣ በስለት ይወጉ፣ ይገደሉ የሚሉ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች መሠራጨታቸውን የዓለም ጋዜጦች ጻፉ። ይህን ያሠራጩት ሰዎች ብዙዎቹ ስለ ሃይማኖትና ስለ አገር ክብር እንደሚቀኑ ይናገሩ ነበር። ስለዚህም ነው ነገሩ እኛን የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን የሚመለከተን፤ በእኛ ስም ተሠርቷልና።

የቆምሁበትን አስቀድሜ ልናገር፤ አንባቢ እንዳይጠራጠር። ቤተ ክርስቲያን እግዚአብሔር ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠረ ታስተምራለች፤ እኔም ይህን ትምህርት ከመምህሮቼ ተቀብያለሁ። ወንድነትና ሴትነት እንደ ልብስ በየሰው ፈቃድ የሚለወጥ ነው የሚለውን ትምህርት አልቀበለውም። ዳሩ ግን የዛሬው ሙግቴ ከዚያ ትምህርት ባለቤቶች ጋር አይደለም፤ ከራሳችን ወገን ጋር ነው። የምለውም ይህ ነው፦ ሰውን በስሙና በመልኩ ለሕዝብ ቁጣ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው፣ የከሰሰው ሰው በደለኛ ቢሆን ሕግ አፍራሽ ነው፤ ንጹሕ ቢሆን ደግሞ የደም ባለዕዳ ነው። በሁለቱም መንገድ የሃይማኖት ጠበቃ ሊባል አይገባውም።

በመጀመሪያ የአገሩን ሕግ እንመልከት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ግብረ ሰዶምን ይከለክላል። ነገር ግን አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፤ ስለ አካሄድ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ጠጉር አሠራር ወይም ስለ ልብስ አይናገርም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም የተከሰሰ ሰው ጥፋቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር በአንቀጽ 20 አዟል፤ የሰውንም ሁሉ ክብርና መልካም ስም በአንቀጽ 24 ጠብቋል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሰው ላይ ጥላቻን ወይም ጥቃትን ሆነ ብሎ መቀስቀስን ይከለክላል። እንግዲህ ሕጉ ዳኛ አቆመ እንጂ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ጅራፍ አላደለም። ሕጉን ጠቅሶ የሚደበድብ ሰው የጠቀሰውን ሕግ ራሱ ረግጦታል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው በአንድ የስድብ ቃል ውስጥ አራት ልዩ ልዩ ነገሮች መታጨቃቸው ነው። አንደኛው ከማሕፀን ጀምሮ አካሉ ወንድ ወይም ሴት ለማለት የሚያስቸግር፣ አባቶች ፍናፍንት ይሉት የነበረ ነው፤ ይህም ሐኪሞች የሚያውቁት የአፈጣጠር ነገር ነው እንጂ በደል አይደለም። ሁለተኛው ድምፁ የቀጠነ ወይም ጢም ያላበቀለ ወንድ፣ ድምፅዋ የጎረነነ ወይም ወንዶች የሚሠሩትን ሥራ የያዘች ሴት ናት፤ ይህም ከቶ ነቀፋ የለበትም። ሦስተኛው ከተወለደበት ጾታ ጋር በልቡ ሳይስማማ የሚጨነቅ ሰው ነው፤ እርሱም ምሥጢሩን የሚጠብቅለት፣ ታግሦ የሚያዳምጠው አባት ይሻል እንጂ ድንጋይ ይዞ የሚያባርረው ጎረምሳ አይሻም። አራተኛው ሕግ የከለከለውን ድርጊት የፈጸመ ነው፤ የእርሱ ነገር በምስክር ተጣርቶ በዳኛ ይታያል። በስልክ የሚፈርደው ሰው ግን እነዚህን አራቱን አይለይም። መለየት ዕውቀትን ይጠይቃል፤ መጮኽ ግን ምንም አይጠይቅም።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 19 ስለ ጃንደረቦች ሲናገር ሦስት ዓይነት አድርጎ ለይቷቸዋል፤ ከእናታቸው ማሕፀን እንዲሁ የተወለዱ፣ ሰዎች የሰለቧቸው፣ ስለ መንግሥተ ሰማያት ብለው ራሳቸውን የለዩ ናቸው። እርሱ ከለየ እኛ እንዴት እንደባልቃለን? ይልቁንም እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ልንዘነጋው አይገባንም። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 8 ተጠምቆ ደስ እያለው ወደ አገሩ የተመለሰው፣ ስለ እርሱም እስከ ዛሬ የምንመካበት ሰው ጃንደረባ ነበር። የሙሴ ሕግ እንዲህ ያለውን ሰው ከጉባኤ ያስወጣው ነበር፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ከልጆች ስም የሚበልጥ ስም እንደሚሰጠው ተስፋ ነገረለት። ፊልጶስም ወደ ሠረገላው በቀረበ ጊዜ ስለ አካሉ አልጠየቀውም፤ የጠየቀው ስለ ንባቡ ነው፤ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ብቻ። ፊልጶስ እንደ ዛሬዎቹ ቀናተኞች ቢሆን ኖሮ ያ ሠረገላ ሳይጠመቅ ያልፍ ነበር።

ስለ ጠጉርና ስለ ጌጥ የሚነሣው ጩኸት ደግሞ የገዛ ታሪካችንን አለማወቅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሹሩባ ይሠሩ እንደ ነበር የማያውቅ የለም። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ከራሳቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው ጠጉር በ2011 ዓ.ም. ለአገራችን ሲመለስ ሕዝቡ በክብር ተቀበለው። ያንኑ ሹሩባ የተሠራ ጎልማሳ ዛሬ በሰበታ ወይም በሱሉልታ ታክሲ ሲሳፈር የሚሰደብ ከሆነ፣ ሰዳቢው ባህልን ጠበቀ ወይስ የባህልን ራስ ሰደበ? ወንድ ልጃቸውን በፍቅር «አንቺ» እያሉ፣ ሴት ልጃቸውን «አንተ» እያሉ የሚያሳድጉ እናቶችስ በዚህ አገር ጥቂቶች ናቸውን?

በቀድሞ ዘመን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበር። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ጠጥቶ በመንደሩ ውስጥ ይሮጣል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ ተዋርዷል፤ ስንት ቤት ፈርሷል! በደል የሞላበት መሆኑ ታውቆ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዛሬም የሚናፍቀው የለም። እኔ ግን ተመልሶ መጥቷል እላለሁ፤ የተለወጠው የሚጠጣው ነገር ብቻ ነው። የዛሬው ልጅ የሚሰክረው በመድኃኒት ሳይሆን በተመልካች ብዛት ነው። ስክሩም በርትቶበት በስሙና በፎቶግራፉ ላይ የወደቀበት ሰው በደለኛ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ማጋነን ነው የሚል ቢኖር ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ያስታውስ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በሻሸመኔ በተሰበሰበ ሕዝብ መካከል ቦምብ ይዟል የሚል ወሬ ተነሥቶ አንድ ሰው በአደባባይ ተገድሎ ተሰቀለ፤ ቦምብ ግን አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በምዕራብ ጎጃም በሜጫ ወረዳ ለጥናት የሄዱ ሁለት የጤና ተመራማሪዎች ሕፃናትን የሚመርዙ ናቸው ተብሎ ተወርቶባቸው በሕዝብ እጅ ሞቱ። በጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ፣ ፌስቡክ በሚባለው መድረክ ላይ ፎቶግራፋቸውና የሚኖሩበት ሰፈር ከክስ ጋር ከወጣ በኋላ በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ፤ ልጃቸውም በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ፍርድ ቤት በኩባንያው ላይ ክስ መሠረተ። የእነዚህ ሁሉ ነገር ከጾታ ጋር የተያያዘ አይደለም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው። አስቀድሞ ወሬ፣ ቀጥሎ ስምና መልክ፣ በመጨረሻም ደም። መንገዱን ለአንዱ ወገን የከፈተ ሰው ለሌላው መዝጋት አይቻለውም።

በአዲስ አበባ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ከሌላው ይልቅ ልንጠነቀቅ ይገባናል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ የዋና ከተማይቱ በሮች ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሸገር በተባለው ከተማ አስተዳደር ተጠቃለዋል። ከየአውራጃው የመጣው ሁሉ፣ በአዲስ አበባም የቤት ኪራይ የከበደበት ሁሉ በእነዚህ በሮች ይሰፍራል። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት ተከራይ ይኖራል፤ አንዱ የሌላውን አባት፣ አገርና አስተዳደግ አያውቅም። በተወለደበት አገር ሰው ቢታማ የሚያውቀው ሽማግሌ ተነሥቶ «ይህን ልጅ አሳምሬ አውቀዋለሁ» ይልለታል። በተከራየበት ግቢ ግን የሚመሰክርለት የለውም፤ ስለ እርሱ የሚናገረው ያ ስልክ ብቻ ይሆናል።

ቡራዩ ይህን በደሟ ተምራለች። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ቤታቸውን ጥለው ሸሹ፤ ከተጎዱትም መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ በዚያ ያሉ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን ርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በቁጡው ሕዝብ ፊት ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ሣሩን አክብሮ ተመለሰ። እነዚያ ሽማግሌዎች በዚያች ሰዓት በሕዝቡ ዘንድ የሚወደድ ነገር አልተናገሩም። ሕዝቡ የሚወደውን ቢናገሩ ኖሮ ዛሬ ስማቸው አይነሣም ነበር፤ ከተማይቱም ትቃጠል ነበር።

እንግዲህ የሚቃወሙኝን ሰዎች ቃል ልስማ። አንዳንዶች ዝም ማለት ከኃጢአት ጋር መተባበር ነው ይላሉ። እኔ ዝም በሉ አላልሁም፤ አስተምሩ ነው የምለው። ማስተማርና ማሳደድ ግን አንድ አይደሉም። ሌሎች ነገሩ ከውጭ አገር በገንዘብ የሚገፋ ነውና ጦርነት ነው ይላሉ። በ2011 ዓ.ም. ቶቶ ቱርስ የሚባል የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት ግብረ ሰዶማውያን መንገደኞችን ላሊበላን ለማስጎብኘት ማሰቡ በተሰማ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራት በግልጥ ቆመው መግለጫ ሰጡ፤ ጉዞውም ቀረ። ግልጥ ለሆነ አሳብ ግልጥ መልስ መስጠት የሚገባ ነው። በዚያን ጊዜ ዛቻ የላኩም ነበሩ፤ ዛቻው ግን የተቃውሞውን ክብር አጎደፈው እንጂ አላበረታውም። ድርጅት ያሰበውን በይፋ መንቀፍ አንድ ነገር ነው፤ በቡራዩ ጓዳ ተከራይቶ የሚኖረውን የደሀ ልጅ በፎቶግራፍ አውጥቶ አሳዱት ማለት ሌላ ነገር ነው። ያ ልጅ የማንም መንግሥት መልእክተኛ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ አጭር ነው፤ እንዲህ የሚናገር ሰው ራሱ ከእነርሱ አንዱ ነው የሚል ነው። ይህ መልስ አይደለም፤ ያው ሌባሻይ ወደ እኔ ቤት መዞሩ ነው። ብዙ አስተዋይ ሰው አፉን የዘጋውም ይህን ፈርቶ ነው። ካህኑ ምእመናን ያዝኑብኛል ይላል፤ መምህሩ ወላጆች ይነሡብኛል ይላል፤ ነጋዴው ደንበኛ ይሸሸኛል ይላል። ነገር ግን የሶስናን ታሪክ ሁላችን እናውቃለን። ሁለት የተከበሩ ሽማግሎች መሰከሩባት፤ ጉባኤውም ሁሉ አመነ፤ ወደ ሞትም ተወሰደች። በዚያን ጊዜ አንድ ወጣት፣ ዳንኤል፣ ብቻውን ጮኸ፤ ከደሟም ንጹሕ እንደ ሆነ ተናገረ። ከዚያም ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ሁለቱን ለያይቶ ከማን ዛፍ ሥር እንዳዩአት ጠየቃቸው። አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሁለተኛው ሌላ ዛፍ ጠሩ። ጉባኤው ሁሉ ያልጠየቀውን አንድ ሰው ጠየቀ፤ ነፍስም ዳነች። ዳንኤል ስለ ሶስና ጠበቃ ሆኖ ስለ ቆመ የዝሙት ወዳጅ ነው የሚለው ማነው?

በስንክሳር የምናነበው የቅድስት እንባ መሪና ታሪክም ሊያስደነግጠን ይገባል። ከአባቷ ጋር ለመመንኮስ ብላ የወንድ ልብስ ለብሳ በወንዶች ገዳም ኖረች። የእንግዳ ማደሪያ ባለቤት ሴት ልጅ ከሌላ ሰው ባረገዘች ጊዜ ያ ወጣት መነኩሴ ነው አለች። አበ ምኔቱ አመነ፤ መነኮሳቱ አመኑ፤ አስወጧትም። ሕፃኑንም አምጥተው ሰጧት፤ እርሷም ምንም ሳትመልስ አሳደገችው። ሴት መሆኗና ንጹሕነቷ የታወቀው በሞተች ጊዜ ሊገንዟት ሲቀርቡ ነው። ይህን ታሪክ ለዛሬው አዲስ ትምህርት ማስረጃ ላደርገው አይደለም፤ እርሷ ያን ያደረገችው ስለ ምንኩስና ነውና። የማመጣው ስለ ፈራጆቹ ነው። እነዚያ ፈራጆች ጾመኞችና ጸሎተኞች ነበሩ፤ ስለ ገዳማቸውም ንጽሕና ቀኑ፤ ግን ሳይጠይቁ ፈረዱ። በኋላ ያለቀሱት ልቅሶ ያለፈባትን መከራ አልመለሰም። እነርሱ በአንድ ገዳም ውስጥ በተናገሩት እንዲህ ከሆነ፣ በአንድ ሌሊት መቶ ሺህ ሰው የሚያየውን ፍርድ የሚፈርድ ሰው መጨረሻው ምን ይሆን?

ነገሩን ከሌላው ወገን ደግሞ እንየው። በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶና በለንደን የሚኖሩ ወገኖቻችን በተቃራኒው ስፍራ ቆመዋል። በዚያ ወንድና ሴት ስለ መሆን የአባቶችን ትምህርት የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ በመሥሪያ ቤቱና በልጁ ትምህርት ቤት አሳቡ የማይወደድ ሆኖ ይገኛል። እኛም ከዚህ ሆነን ስለ እርሱ እንቆጣለን፤ ያመነውን የመናገር መብቱ ይጠበቅ፣ ስለ አሳቡም ከእንጀራው አይነቀል እንላለን። መልካም ብለናል። ነገር ግን ሚዛን አንድ ነው። በዋሽንግተን ላለው ወንድማችን የምንሻውን በሱሉልታ ለሚኖረው እንከልክለውን? በዚያ ብዙው ጥቂቱን አይጫነው ካልን፣ በዚህም ብዙው እኛ በሆንንበት ጊዜ ራሳችንን ልንገታ ይገባል። ሙሴም ብዙ ሰው ተከትሎ ክፉ ማድረግን የከለከለው ብዙዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ሳይለይ ነው።

መከራከርን የማያውቅ ሕዝብ ብንሆን ኖሮ ይቅርታ ይደረግልን ነበር፤ ግን የጉባኤ ልጆች ነን። በቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ቅኔውም ይነቀፋል፣ ይፈታል፣ ይታረማል። ነቃፊው ግን ፊት ለፊት ቆሞ፣ ምክንያቱን ተናግሮ ይነቅፋል፤ ባለቅኔው ሲመልስም ያዳምጣል። የተነቀፈው ቅኔው ነው፤ ባለቅኔው ማታ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ቁራሽ ይካፈላል። ደግሞም ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ቅኔ አላወቀም ይባላል። የሰው ልብሱ፣ ድምፁና አካሄዱ ሰሙ ነው፤ ወርቁን የሚያውቀው የፈጠረው ነው። አንድን ቅኔ ሳንፈታ የማንፈርድ ሰዎች አንድን ሰው ሳንሰማ እንዴት እንፈርዳለን?

ስለዚህ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምታገለግሉ አባቶች ሆይ፣ በሚመጣው እሑድ በዐውደ ምሕረት ላይ ስትቆሙ የወንድና የሴትን አፈጣጠር ካስተማራችሁ በኋላ ይህንንም ጨምሩ፦ የሰውን ስምና መልክ አውጥቶ አሳድዱት ማለት ሐሰተኛ ምስክርነትና የግድያ ጅማሬ መሆኑን በግልጥ ተናገሩ። ልጃችን ጠፋብን፣ ተለወጠብን ብለው የሚያለቅሱ ወላጆች ወደ እናንተ ሲመጡ ከቤት አስወጡት አትበሏቸው፤ ከቤት የወጣ ልጅ የሚያድረው መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱም አባት አይሆነውም። የነፍስ አባት የሰማውን በስልክ እንዳይናገር የታዘዘ ብቻ ሳይሆን፣ በስልክ ስለሚነገረውም ሊገሥጽ የታዘዘ ነው።

እናንተም በከተማው የምትኖሩ የተማራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሰው መልክ ከክስ ጋር ተያይዞ በስልካችሁ ሲደርሳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ከሳሹ ማነው፣ ምስክሩ ማነው፣ ተከሳሹስ መቼ ተሰማ? መልስ ያጣችሁ እንደ ሆነ ለሌላ ሰው አታሳልፉት፤ በእናንተ ዘንድ ይሙት። ጎረቤታችሁም በር ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ያያችሁ እንደ ሆነ፣ ያ ጎረቤት ማንም ይሁን ምን፣ ወጥታችሁ በመካከል ቁሙና «በሕግ አምላክ!» በሉ። ምናልባት የሚሰማችሁ አይኖር ይሆናል፤ ስድብም ሊደርስባችሁ ይችላል። ነገር ግን ይህን ቃል የሚናገር አንድ ሰው እንኳ በመንደሩ ከታጣ፣ በዚያ መንደር የቀረው ሕግ የጉልበተኛው ብቻ ነው፤ ጉልበተኛውም ነገ የማንን ደጅ እንደሚመታ የሚያውቅ የለም።